ቀኝ ወይስ ግራ?

ጆሮው በኩክ የተደፈነ ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዶ ከታከመና መስማት ከጀመረ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በአሜሪካ አገር ግን ነገሩ የሚያልቀው በሒሳብ ክፍል ነው። ኢንሹራንሱ ገንዘቡን የሚከፍለው ሁለት ቁጥሮች ሲስማሙ ነውና፤ ይኸውም አንደኛው የበሽታው፣ ሁለተኛው የተሠራው ሥራ ቁጥር ነው።

በበሽታዎች መዝገብ የውጭ ጆሮ ሕመሞች ከኤች 60 እስከ ኤች 62 ተደልድለዋል። ቀድሞ የተደፈነ ጆሮ ቀኝም ሆነ ግራ ቁጥሩ 380.4 ነበር። ከኦክቶበር 1 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ቀኙ ኤች 61.21፣ ግራው ኤች 61.22፣ ሁለቱም ከሆኑ ኤች 61.23 ሆነ። የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ ኤች 61.20 ይባላል። ሥራውም እንደዚሁ ተለይቷል፤ ኩኩ በውሃ ታጥቦ ከወጣ 69209፣ በመሣሪያ ከወጣ 69210 ነው።

እንግዲህ ሐኪሙ «ጆሮ» ብሎ ጽፎ «ቀኝ» ማለትን ቢዘነጋ፣ ወይም በውሃ የታጠበው በመሣሪያ እንደወጣ ተደርጎ ቢጻፍ፣ ኢንሹራንሱ ሒሳቡን ሳይከፍል ሊመልሰው ይችላል። ያን ጊዜ ዕዳው በበሽተኛው ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ጥፋቱ ግን የእርሱ አይደለም።

ሕክምና የምትማሩ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ይህን ልብ በሉ። ያዩትንና የሠሩትን በትክክል መጻፍም ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው።