ቁስል በውኃ ይታጠብ

ቢላ ጣት ሲቆርጥ በብዙ ቤት መጀመሪያ የሚፈለገው አልኮል ወይም የቡና ዱቄት ነው። ሁለቱም ከውኃ አይበልጡም። ትንሽ ቁስል የሚያመረቅዘው በአብዛኛው ውስጡ በቀረ አፈርና ጀርም ነው፤ ይህን ጠራርጎ የሚያወጣው ለ5 ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ የሚወርድ ንጹሕ ውኃ ነው። ሳሙናው በቁስሉ ዙሪያ ላለው ቆዳ ይሁን። ለመጠጥ የሚሆን የቧንቧ ውኃን ሐኪም ቤት ከሚጠቀምበት የጨው ውኃ ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች፣ የቧንቧው ውኃ ኢንፌክሽን እንደማያበዛ አሳይተዋል። ውኃው የሚያጠራጥር ከሆነ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ነው።

«አልኮል እኮ ጀርም ይገድላል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቁስሉን የሚጠግኑትን ሕዋሳትም ይጎዳል። ደም የሚያቆመውም ቡናው ሳይሆን በንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ሳያነሡ መጫን ነው፤ ዱቄቱ ቁስሉ ውስጥ ገብቶ ማጠቡን ያከብደዋል። «አየር ያግኘው» የሚለው ምክር ደግሞ፣ ከልብ የሚሰጥ ቢሆንም፣ ማስረጃ አይደግፈውም። ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው፣ በአሳማዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል አየር ላይ ከደረቀው ፈጥኖ አዲስ ቆዳ እንደሚለብስ አሳይቷል። ስለዚህ ቫዝሊን ስስ አድርጎ መቀባት፣ በፕላስተር መሸፈን፣ በየቀኑም መቀየር ይሻላል።

ውኃ ሁሉን አይፈታም። የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም በአፈርና በእበት ውስጥ ስለሚኖር፣ ምስማር የወጋው ወይም ጥልቅ ቁስል ያለበት ሰው ክትባት ያስፈልገው እንደሆነ ጤና ጣቢያ ይጠይቅ። ውሻ የነከሰው ደግሞ ቁስሉን ራሱን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።