ድኝና ውሁዶቹ፦ ሰልፋ፣ ሰልፌትና ሰልፋይት ለምን ይምታታሉ?

በታካሚ ካርድ ላይ «የሰልፋ አለርጂ» የሚል አጭር ማስታወሻ ማየት የተለመደ ነው። ማስታወሻው ብዙውን ጊዜ ኮትሪሞክሳዞል ወስዶ የቆዳ ሽፍታ የወጣበትን ሰው የሚመለከት ቢሆንም፣ ካርዱን በኋላ የሚያነበው ባለሙያ «ድኝ ያለበት ነገር ሁሉ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። በዚህ ምክንያት ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ያለባት እናት ማግኒዚየም ሰልፌት ብትከለከል ጉዳቱ ሕይወቷን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ስሕተቱ የመነጨው ከስሞች መመሳሰል በመሆኑ፣ ስሞቹ የሚወክሏቸውን ውሁዶች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ድኝ ወይም ሰልፈር የአቶም ቁጥሩ 16 የሆነ ቢጫ ንጥረ ነገር ነው። በንጹሕ መልኩ ስምንት አቶሞች በቀለበት ተያይዘው ይገኛሉ። በሰውነት ውስጥም ሜታዮኒንና ሲስቲን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ድኝ አላቸው፤ የኢንሱሊንን ሁለት ሰንሰለቶች አጣምሮ የያዘውም የድኝ ከድኝ ትስስር ነው። ስለሆነም «ለድኝ አለርጂ አለው» የሚለው አነጋገር ቃል በቃል ከተወሰደ ትርጉም አይኖረውም። ለእከክ የሚታዘዘው የድኝ ቅባት ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል፤ ይህ ግን ከሰልፋ አለርጂ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ሰልፌት አንድ የድኝ አቶም ከአራት የኦክሲጅን አቶሞች ጋር ሲጣመር የሚገኝ ነው። ሰውነት ከላይ ከተጠቀሱት አሚኖ አሲዶች ራሱ ስለሚሠራውና ዘወትር በደም ውስጥ ስለሚገኝ እንደ ባዕድ አይቆጠርም። ፌረስ ሰልፌት፣ ዚንክ ሰልፌት፣ ሞርፊን ሰልፌትና ጄንታማይሲን ሰልፌት ከሰልፋ አለርጂ አንጻር የሚከለከሉበት ምክንያት የለም። ለጄንታማይሲን ሰልፌት አለርጂ የሚያሳይ ሰው ቢያጋጥም እንኳ ተጠያቂው ጄንታማይሲኑ እንጂ ሰልፌቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመውና ከ10,000 በላይ ሴቶችን ያካተተው የማግፓይ ጥናት ማግኒዚየም ሰልፌት የኤክላምፕሲያን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ በስም መመሳሰል ብቻ የሚታለፍ መድኃኒት አይደለም።

ሰልፎናማይድ የተለየ ነው። እዚህ ድኙ ከናይትሮጅን ጋር ተያይዟል። ገርሃርድ ዶማክ እ.ኤ.አ. በ1935 የፕሮንቶሲልን ፈዋሽነት ይፋ ካደረገ በኋላ፣ በዚያው ዓመት የፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ፈዋሹ በሰውነት ውስጥ ከፕሮንቶሲል ተሰንጥቆ የሚወጣው ሰልፋኒላማይድ መሆኑን አሳዩ። ለከባዱ አለርጂ በአብዛኛው መነሻ ነው የሚባለው ግን ድኙ ሳይሆን በፀረ ባክቴሪያዎቹ የቤንዚን ቀለበት ላይ የሚገኘው የአሚን ክፍል ነው። ይህ ክፍል በጉበት ሲለወጥ ከፕሮቲን ጋር የሚጣበቅ ውሁድ ይሰጣል። ፉሮሴማይድ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ግሊቤንክላማይድ ሰልፎናማይድ ቢሆኑም ይህ ክፍል የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2003 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን የወጣ ጥናት፣ ለሰልፋ ፀረ ባክቴሪያዎች አለርጂ ያሳዩ ሰዎች በእነዚህን መሰል መድኃኒቶች ላይም አለርጂ እንደሚበዛባቸው፣ ነገር ግን ለፔኒሲሊን የሚያሳዩት ከዚያም እንደሚበልጥ ገልጿል። ፔኒሲሊን በቀለበቱ የድኝ አቶም ቢይዝም ሰልፎናማይድ አይደለም፤ ስለዚህ ምክንያቱ የሰውየው አጠቃላይ ተጋላጭነት እንጂ የመድኃኒቶቹ ዝምድና አይመስልም። በሌላ በኩል ሰልፋሳላዚን በአንጀት ውስጥ ሰልፋፒሪዲን ስለሚሰጥ በሰልፋ አለርጂ ጊዜ መወገድ አለበት።

ሰልፋይት ከሰልፌት የሚያንሰው በአንድ ኦክሲጅን ብቻ ነው፤ ባሕርይው ግን እጅግ ይለያል። በወይን ጠጅ፣ በደረቁ ፍራፍሬዎችና በአንዳንድ መርፌዎች ውስጥ ለማቆያነት ይጨመራል፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ የአስም ሕሙማንን የአየር ቧንቧ ሊያጠብ ይችላል። አንዳንድ የአድሬናሊን አምፑሎችም ሰልፋይት አላቸው። ሆኖም በአናፊላክሲስ ጊዜ አድሬናሊንን በዚህ ሰበብ ማዘግየት ተገቢ አይደለም።

በካርድ ላይ «ሰልፋ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ የመድኃኒቱን ስም፣ የምልክቱን ዓይነትና ጊዜውን መጻፍ ይሻላል፦ «ኮትሪሞክሳዞል፤ በ8ኛው ቀን ትኩሳትና ሽፍታ፤ ቆዳው አልተላጠም፤ አፍና ዓይን አልቆሰሉም» እንደ ማለት ነው። ቆዳ የተላጠ ወይም አፍና ዓይን የቆሰሉ ከሆነ መድኃኒቱ ዳግመኛ ሊሰጥ ስለማይገባ ይህም በጉልህ ይጻፋል።