በኢንተርኔት የሚሰጥ የከፍተኛ ትምህርት፦ ከተማሪው ምን ይጠበቃል?



የኡልፓን ትምህርት ከጀመሩ በኋላ ብዙ ሰዎች «ትምህርቴን ለመቀጠል እችላለሁ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህን የሚጠይቁት ወጣቶች ብቻ አይደሉም። ትናንሽ ልጆች ያሏቸው እናቶች፣ ቀኑን በሥራ የሚውሉ አባቶች፣ ከሠራዊት አገልግሎት የተመለሱ ልጆችም ይጠይቃሉ። ይህ ምዕራፍ የተዘጋጀው በራማት የዲዲምም ሆነ በሌሎቹ የናታንያ ሰፈሮች ለሚኖሩና ሥራቸውንና ቤታቸውን ሳይተዉ በኢንተርኔት ለመማር ለሚያስቡ ሁሉ ነው። ከመመዝገብዎ በፊት እስከ መጨረሻው እንዲያነቡት እንመክራለን።

ይህ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

በኢትዮጵያ የተልእኮ ትምህርት፣ በኋላም የርቀት ትምህርት ሲባል የነበረውን ያስታውሱ ይሆናል። ተማሪው መጽሐፉን ይቀበላል፤ በቤቱ ሆኖ ያነባል፤ መልመጃውን ሠርቶ ይልካል፤ በመጨረሻም ይፈተናል። በእስራኤል በዚህ መንገድ በሰፊው የሚያስተምረው የእስራኤል ክፍት ዩኒቨርሲቲ (ሃኡኒቨርሲታ ሃፕቱሓ) ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1974 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን በ1976 ተቀበለ፤ በ1980 ደግሞ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ሆኖ ታወቀ። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዋናው ግቢ ከናታንያ በስተደቡብ በምትገኘው በራዓናና ከተማ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መጻሕፍቱም የቤት ሥራዎቹም በፖስታ ይመላለሱ ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ ኮርስ የራሱ የኢንተርኔት ገጽ አለው። የቤት ሥራ የሚላከው፣ ማስታወቂያ የሚነበበውና ጥያቄ የሚቀርበው በዚሁ ገጽ ነው። ብዙ ትምህርቶች በዙም ይሰጣሉ፤ ተቀርጸውም የሚቆዩ አሉ። በመጋቢት 2020 በኮሮና በሽታ ምክንያት ግቢዎች ሲዘጉ ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆችም በዙም ማስተማር ጀምረዋል። ስለዚህ በሌላ ኮሌጅ ቢማሩም ከዚህ በታች የተጻፈው ምክር ይጠቅምዎታል።

ማን ሊመዘገብ ይችላል?

በክፍት ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ለመመዝገብ የባግሩት ሰርተፊኬትም ሆነ የፕሲኮሜትሪ ፈተና አይጠየቅም። በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃን ላላጠናቀቀ ወይም የትምህርት ማስረጃው ለጠፋበት ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር በደንብ መታወቅ አለበት። መግቢያው ክፍት ነው ማለት ትምህርቱ ቀላል ነው ማለት አይደለም። በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች በሩ ላይ የሚደረገው ፈተና እዚህ በመንገዱ ላይ ይጠብቅዎታል። የሚነበበው በዕብራይስጥ ነው፤ ያውም በገበያና በአውቶቡስ በሚነገረው ዕብራይስጥ ሳይሆን በመጽሐፍ ዕብራይስጥ። ለዲግሪውም የእንግሊዝኛ ችሎታ ይጠየቃል። ስለዚህ የኡልፓን የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ የጨረሰ ሰው ዕብራይስጡን ቢያጠናክር ወይም መሰናዶ ትምህርት (መሒና) ቢማር ይሻላል። ዝግጁ መሆንዎን ለማወቅ ጥሩ መንገድ አለ፦ ሊማሩበት ያሰቡትን መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍት ያግኙና አምስት ገጽ ያንብቡ። በየመስመሩ መዝገበ ቃላት የሚያስፈልግዎ ከሆነ ጊዜው ገና ነው ማለት ነው። በየገጹ ጥቂት ቃላት ብቻ የሚያስቸግሩዎት ከሆነ ግን በአንድ ኮርስ መጀመር ይችላሉ።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት

1. ተቋሙ በእስራኤል የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት (ማላግ) የታወቀ መሆኑን ያረጋግጡ። «በአጭር ጊዜ ዲግሪ እንሰጣለን» የሚል ማስታወቂያ ሁሉ የታወቀ ዲግሪ አይሰጥም።

2. ለአዲስ ገቢዎች የትምህርት ክፍያ እርዳታ የሚሰጠውን የተማሪዎች አስተዳደር (ሚንሃል ሃስቱዴንቲም) ያነጋግሩ። እርዳታው በዕድሜ፣ በእስራኤል በቆዩበት ጊዜና በትምህርቱ ዓይነት ይወሰናል። የሚጠየቁት ከመመዝገብዎ በፊት እንጂ ከከፈሉ በኋላ አይሁን።

3. ኮርሱን ለመሰረዝ የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ ይጠይቁና ይጻፉት። ትምህርቱን ዝም ብሎ ማቆም መሰረዝ አይደለም። በጽሑፍ ያልሰረዘ ሰው እንደ ተማሪ ይቆጠራል፤ ክፍያውም ይጠየቃል።

4. ከትምህርት አማካሪ ጋር ይነጋገሩ። ለመጀመሪያው ጊዜ ከአንድ ኮርስ በላይ አይውሰዱ።

በኮርሱ ውስጥ ምን ይጠበቅብዎታል?

በክፍል ውስጥ መምህሩ ተማሪዎቹን እያየ ያስተምራል። የደከመውን ያነቃዋል፤ የቀረውን ይጠይቃል። በኢንተርኔት ትምህርት ይህን ሥራ የሚሠራው ተማሪው ራሱ ነው። ማንም ደውሎ «ለምን አላነበቡም?» አይልም።

በክፍት ዩኒቨርሲቲ በየኮርሱ የሚያገኟቸው ዋና ዋና ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

መንሔ — ትምህርቱን የሚመራ፣ የቤት ሥራውን የሚያርምና ጥያቄ የሚመልስ አስተማሪ ነው።

ማማን — በጽሑፍ ተሠርቶ የሚላክ የቤት ሥራ ነው። መንሔው አርሞና አስተያየት ጽፎ ይመልሰዋል።

ማማሕ — ከተሰጡት መልሶች መካከል ትክክለኛው የሚመረጥበትና በኮምፒዩተር የሚታረም የቤት ሥራ ነው።

የመጨረሻ ፈተና — ለፈተናው ለመቅረብ የተወሰነ መጠን ያለው የቤት ሥራ አስቀድሞ መላክ ግዴታ ነው። ማለፊያው 60 ነው።

የትኛው የቤት ሥራ ግዴታ፣ የትኛው ምርጫ እንደሆነና እያንዳንዱ ስንት ነጥብ እንደሚይዝ ኮርሱ ሲጀመር በሚሰጠው መመሪያ ተጽፏል። ይህን መመሪያ ከሁሉ በፊት ያንብቡ። ካልገባዎት የሚረዳ ሰው ይዘው አንድ በአንድ ያንብቡት።

ለአንድ ኮርስ በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት ያዘጋጁ። አሥሩን ሰዓት በአንድ ቀን ለመጨረስ መሞከር ጥሩ አይደለም። በአምስት ምሽት ሁለት ሁለት ሰዓት ማንበብ ይሻላል።

ስለ ሰዓትና ስለ ቀን

ትንሽ የሚመስል ነገር ግን ብዙ የሚያስከፍል ጉዳይ አለ። በእስራኤል ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። የዙም ትምህርት በ18:00 ነው ከተባለ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። በ20:00 ከተባለ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። የቤት ሥራ እስከ 23:59 ይላክ ከተባለ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋል።

ቀኖችም በፊደል ይጻፋሉ፤ ዮም አሌፍ እሑድ፣ ዮም ቤት ሰኞ ነው። 5.11 ተብሎ ከተጻፈ አምስተኛው ቀን፣ አሥራ አንደኛው ወር ማለት ነው፤ ይህም ኅዳር እንጂ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አሥራ አንደኛው ወር የሆነው ሐምሌ አይደለም። ትልቅ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ይግዙና የማስረከቢያ ቀኖችን ሁሉ በቀይ ይጻፉበት።

ሰንበትንና በዓላትንም አብረው ያስቡ። ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀው የስግድ በዓል በሕሽቫን 29 ስለሚውል ብዙ ጊዜ የመኸሩ ሴሚስተር በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይደርሳል። የማስረከቢያው ቀን ከበዓሉ አጠገብ ከሆነ ሥራውን አስቀድመው ይላኩ። የመጨረሻውን ሌሊት አይጠብቁ፤ ኮምፒዩተር የሚበላሸው፣ ልጅም የሚታመመው ያን ዕለት ነው።

ዝምታ እዚህ ምን ማለት ነው?

በእኛ ዘንድ ከቄስ ወይም ከመምህር ፊት ዝም ብሎ ማዳመጥ የአክብሮት ምልክት ነው። ያልገባውን ወዲያው የሚጠይቅ ልጅ ችኩል ይባላል። ይህ ጥሩ ሥርዓት ነው፤ መምህሩ የተማሪውን ፊት ስለሚያይ ማን እንደገባውና ማን እንዳልገባው ያውቃል።

በኢንተርኔት ትምህርት ግን መንሔው ፊትዎን አያይም። ዝም ካሉ «አከበረኝ» ብሎ አያስብም። ወይ ገብቶታል ወይ ትምህርቱን ትቶታል ብሎ ያስባል። በሁለቱም በኩል የሚጎዱት እርስዎ ነዎት። አንድ ሰው አንደኛውን ምዕራፍ ሳይገባው አፍሮ ዝም ካለ ሁለተኛውም አይገባውም፤ ሦስተኛውን ለመክፈት ይፈራል፤ ከዚያ በኋላ ገጹን መክፈት ያቆማል። አእምሮው ሳያንሰው ዝምታው ብቻ ከትምህርት ያስወጣዋል።

ስለዚህ መጠየቅ እንደ ድፍረት አይቆጠርም። በእስራኤል ተማሪ አስተማሪውን በስሙ ይጠራል፤ ጥያቄውንም በአጭሩ ይጽፋል። ለምሳሌ እንዲህ ብለው መጻፍ ይችላሉ፦ «ሻሎም። ሎ ሄቫንቲ ኤት ሽኤላ 2 ባማማን። ኤፍሻር ለሃስቢር? ቶዳ።» ትርጉሙም «ሰላም። በማማኑ ውስጥ 2ኛውን ጥያቄ አልተረዳሁትም። ማብራራት ይቻላል? አመሰግናለሁ» ማለት ነው። «አልገባኝም» ብቻ ከሚሉ የትኛው ገጽና የትኛው ጥያቄ እንደሆነ ቢገልጹ መልሱ የተሻለ ይሆናል።

የቤት ሥራው ታርሞ ሲመለስ ብዙ አስተያየት ተጽፎበት ቢያገኙ አይዘኑ። በዚህ አገር ብዙ ማረም ስድብ አይደለም፤ ሥራዎ በጥንቃቄ መነበቡን ያሳያል። ነጥቡን ብቻ አይተው አይዝጉት። አስተያየቱን አንብበው በሚቀጥለው ሥራ ላይ ያውሉት።

ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት ወይም መዝገበ ቃላት የሚፈቀድበት ጊዜ አለ። ይህም ለሚጠይቅ ሰው እንጂ በራሱ አይመጣም። ሴሚስተሩ እንደጀመረ ማመልከት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

የራስዎን ሥራ መሥራት

ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ተሰብስቦ ማጥናት በጣም ይረዳል። በአገራችን ወንፈል እንደሚባለው ነው። በወንፈል ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው ይታጨዳል፤ እርሻው ግን የየባለቤቱ ነው። ጥናትም እንዲሁ ነው። ምዕራፉን አብራችሁ አንብቡ፣ ተከራከሩ፣ ተጠያየቁ። ለመጻፍ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይጻፍ። የሌላውን መልስ ገልብጦ መላክ በዲሲፕሊን ያስቀጣል፤ ለጓደኛው የሰጠውም ሊቀጣ ይችላል።

ዛሬ ጽሑፍ የሚተረጉሙና መልስም የሚጽፉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አሉ። አንድን አስቸጋሪ አንቀጽ ለመረዳት ወደ አማርኛ መተርጎም ይጠቅማል። መልሱን በማሽን አስጽፎ የራስ አድርጎ መላክ ግን የኮርሱ ደንብ ካልፈቀደው በስተቀር እንደ መገልበጥ ይቆጠራል። ከዚያም በላይ በፈተናው ቀን ማሽኑ አብሮዎት አይቀመጥም።

የቤተሰብ ድርሻ

ተማሪው አንድ ቢሆንም የሚማረው ቤተሰቡ በሙሉ ነው። እናት ከሥራ ተመልሳ፣ እራት አቅርባ፣ ልጆች አስተኝታ ከዚያ በኋላ ብቻ የምታነብ ከሆነ ብዙ አትሄድም። ባልና ሚስት ተቀምጠው «በእነዚህ ምሽቶች ማን ልጆቹን ይይዛል?» ብለው አስቀድመው ይወስኑ። እንግዳ ሲመጣ ቡና አፍልቶ መቀበል ባህላችን ነው፤ ዘመድና ጎረቤት የጥናቱን ሰዓት አስቀድመው ካወቁ ግን አይቀየሙም።

ቤቱ ጠባብ ከሆነ በቤተ መጻሕፍት ወይም በሰፈሩ የማኅበረሰብ ማዕከል (ማትናስ) ጸጥ ያለ ቦታ ይጠይቁ። ለማንበብ ስልክ ሊበቃ ይችላል፤ ማማን ለመጻፍ ግን ኮምፒዩተር ያስፈልጋል። በዕብራይስጥ ፊደል መተየብን ኮርሱ ከመጀመሩ በፊት ይለማመዱ።

ልጆች ከወላጆቻቸው ይበልጥ ዕብራይስጥና ኮምፒዩተር ስለሚያውቁ እንዲረዱ ይጠየቃሉ። ገጹን እንዴት መክፈት እንደሚቻል ማሳየት ጥሩ እርዳታ ነው። የቤት ሥራውን ለወላጅ መሥራት ግን የልጅ ሸክም መሆን የለበትም። ይልቁንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ወላጅም ልጅም የየራሳቸውን ቢያጠኑ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ወላጁ ሲያጠና ያየ ልጅ «ተማር» የሚል ምክር ብዙ አያስፈልገውም።

ወደኋላ ቢቀሩስ?

በሥራ፣ በሕመም ወይም በሐዘን ምክንያት ወደኋላ መቅረት ያጋጥማል። እንዲህ ሲሆን፦

— በዚያው ሳምንት ለመንሔው ይጻፉና ጊዜ እንዲጨመርልዎ ይጠይቁ። የማስረከቢያው ቀን ካለፈ በኋላ መጠየቅ ከባድ ነው።

— ያመለጠው የቤት ሥራ ግዴታ ካልሆነ ይለፉትና ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሂዱ።

— ለመጨረስ እንደማይችሉ ከታወቀ የመሰረዣው ቀን ከማለፉ በፊት በጽሑፍ ይሰርዙ፤ በሌላ ሴሚስተር መጀመር ይችላሉ።

— ፈተናውን ካላለፉ ሁለተኛ የፈተና ቀን (ሞዔድ ቤት) መቼ እንደሆነ ይጠይቁ። አንድ ጊዜ መውደቅ የትምህርት መጨረሻ አይደለም፤ ቤተሰብንም አያዋርድም።

ለማስታወስ

• የታወቀ ተቋም ይምረጡ፤ ስለ እርዳታ አስቀድመው ይጠይቁ።
• በአንድ ኮርስ ይጀምሩ።
• ቀኖችንና ሰዓቶችን በግድግዳ ላይ ይጻፉ።
• ያልገባዎትን በዚያው ሳምንት ይጠይቁ።
• የራስዎን መልስ በራስዎ ይጻፉ።
• ለማቆም ከወሰኑ በጽሑፍ ይሰርዙ።

ለተጨማሪ መግለጫ በአካባቢዎ ወዳለው የዓሊያና የክሊጣ ሚኒስቴር ቅርንጫፍ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው የአማካሪዎች ክፍል ይሂዱ። ቋንቋው የሚያስቸግርዎ ከሆነ አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ እንዲመደብልዎ ይጠይቁ።

መልካም ትምህርት ይሁንልዎ።