ቆሻሻው ይሟሟ፣ ክሩ ይትረፍ

አቃቂ ድልድይ ላይ ቆሞ ወንዙን ለሚያይ ሰው፣ ፕላስቲክ ፍለጋ ላብራቶሪ መግባት ትርፍ ድካም ይመስለው ይሆናል። ፌስታሉ ቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሃይላንዱ ይንሳፈፋል፣ የተቀደደ ማዳበሪያ ድንጋይ ሥር ተጠላልፏል። እኔ የምከተለው ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ነው፤ ፀሐይና ጎርፍ አድቅቀው ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ያደረሱትን። ማይክሮፕላስቲክ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ2004 ያስለመደው የእንግሊዙ የባሕር ተመራማሪ ሪቻርድ ቶምፕሰን ነው።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ማሽኑ ነው፤ በጨረር አይቶ ይህ ናይለን ነው፣ ያ ፖሊስተር ነው ስለሚለው። ማሽኑ ግን የቀረበለትን ብቻ ነው የሚያነበው። የእኔ ፍቅር ከእሱ በፊት ላለው ሥራ ነው፣ ለናሙና ዝግጅት። ጤፍ ስታበጥር የኖረች እናት ነገሩ ይገባታል፦ አፈሩ ይውጣ፣ እብቁ ይውጣ፣ ፍሬው ግን አንድም አይጉደል።

መሠረታዊውን ባጭሩ ልበል። ናሙና የሚያዘው በታጠበ ጠርሙስ ነው። በሃይላንድ ይዘው የሚመጡ አሉ፤ ፕላስቲክ የሚፈልግ ሰው ፕላስቲክ ይዞ መምጣቱን እንዴት ይዘነጋል! ካባችሁ ከጥጥ ይሁን፣ ቢከሩን በፎይል ሸፍኑ፣ ከጎኑም ንጹሕ ውሃ ብቻ የያዘ ባዶ ናሙና አብራችሁ አሳልፉ።

የአቃቂ አፈር መረሬ ነው። እርጥብ ሲሆን ይጣበቃል፣ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠጥራል። የወንዙን ደለል በኃይለኛ ሙቀት አድርቆ በሙቀጫ የሚወቅጥ ሰው አንዱን የፌስታል ቁራጭ አሥር ያደርገዋል፣ ከዚያም አሥር ብሎ ይቆጥረዋል። ደለል ከ40 ዲግሪ ሳያልፍ ይድረቅ፤ ቀጥሎ ጭቃን በሚያላቅቅ ፎስፌት ውስጥ ተዘፍዝፎ በራሱ ይፈታ።

ከዚያ ጨው ነው። በጨው የጠገበ ውሃ ፌስታሉን፣ ማዳበሪያውንና ናይለኑን ያንሳፍፋል። ሃይላንድ የሚሠራበት ፕላስቲክና የፖሊስተር ክር ግን ከዚያ ውሃ ስለሚከብዱ ይሰጥማሉ፤ ለእነሱ ዚንክ ክሎራይድን የመሰለ ከባድ ፈሳሽ ያስፈልጋል። እሱም መርዝ ነውና ተጣርቶ ደግሞ ይሠራበታል እንጂ ወደ ቦይ አይደፋም።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚገናኙበት የአባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ፣ እንቦጭ የወረረው ነው። ከዚያ የተቀዳ ናሙና ላይ የሚንሳፈፈው አብዛኛው ሥርና ቅጠል ነው። ይህ ካልሟሟ ፕላስቲኩ አይታይም። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ኬሚካሉ በበረታ ቁጥር ሥራው የሚጠራ ይመስለዋል።

አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ ከጨው ውሃው ላይ የተቀፈፈውን ሥር ባልተበረዘ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ አሳደረው። ጠዋት ቢከሩን ወደ መስኮቱ አንሥቶ፣ «ጋሼ፣ ይዩት እስቲ! አንድ ቆሻሻ አልቀረም» አለኝ። ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። እኔም ከናይለን ገመድ ጥቂት ክሮች መዝዤ፣ ጭስ መሳቢያው ሥር፣ እዚያው አሲድ ውስጥ እንዲጨምራቸው ሰጠሁት። በመጀመሪያ ጫፋቸው ላላ፣ ከዚያ እንደ ሙጫ ለሰለሱ፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ በወረንጦ የሚያዝ ነገር አልነበረም። «እንግዲህ ትናንት የነበረውስ?» አለ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጥያቄው እሱ ነው። አቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰፈር ነው፤ ወንዙ ዳርም ልብስ ይታጠባል። ልብስ በታጠበ ቁጥር ክር ይረግፋል። ያ ክር ናይለን ከሆነ ጠንካራ አሲድ ይበላዋል፤ ፖሊስተር ከሆነ የጋለ ኮስቲክ ሶዳ ይበላዋል። በዚህ ሰፈር ከሁሉ በፊት ልንፈልገው የሚገባንን በገዛ እጃችን አጥፍተን «አልተገኘም» ብለን እንጽፋለን። በዚያው ውሃ ቆስጣና ጎመን ይለማል።

ሙቀትም እንዲሁ ነው። ሃይላንድ ውስጥ ትኩስ ሻይ የጨመረ ሰው ጠርሙሱ እንዴት እንደሚጨማደድ አይቷል። 100 ዲግሪ ላይ የተተወ ናሙና ውስጥ ያለው ደቃቅ ቁራጭም የሚደርስበት ይኸው ነው።

እኔ የምመርጠው የፌንተንን መንገድ ነው፦ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ጥቂት የብረት ጨው። ቢከሩ የበረዶ ሳህን ውስጥ ይቀመጣል፣ ቴርሞሜትሩ ይገባል፣ ፐርኦክሳይዱ በጠብታ ይጨመራል። ዝገት የመሰለ አረፋ ቀስ እያለ ይነሣል፤ ሙቀቱ 40 ሊደርስ ሲል እጅን ሰብሰብ አድርጎ መጠበቅ ነው። ቸኩሎ ሙሉውን የገለበጠ ሰው አረፋው ገንፍሎ ናሙናው ጠረጴዛ ላይ ሲፈስ ያያል። የማይበገረውን የእንቦጭ ሥር ደግሞ ኢንዛይም ይፈታዋል፤ ጠላ ስትጠምቁ ብቅሉ ስታርቹን እንደሚፈታው ማለት ነው። ውድ ነው፣ ቀናትም ይፈጃል፤ ፕላስቲኩን ግን አይነካም።

እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት፣ ከዝዋይ ሐይቅ ከተመረመሩት ዓሦች በ35 በመቶው ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል። ለአቃቂም እንዲህ ያለ ቁጥር ሲነገር፣ ቁጥሩ የሚታመነው ዝግጅቱ የታመነ እንደሆነ ነው።

ስለዚህ ላብራቶሪ ያላችሁ፣ ሥራ ስትጀምሩ ሃያ ባለቀለም የናይለን ክርና ሃያ የፖሊስተር ክር ቆጥራችሁ በአንድ የሙከራ ናሙና ውስጥ ጨምሩ፤ መጨረሻ ላይ ስንቱ እንደተረፈ ቆጥራችሁ ከውጤቱ ጎን ጻፉ። እናንተም አንባቢዎች፣ ወንዛችሁ ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት ሲደርሳችሁ፣ «ስንት ክር ገባ፣ ስንት ወጣ?» ብላችሁ ጠይቁ።