በጨዋታ አታልሎ ስለ ተመለሰ ሰው

በጨዋታ ያታለለ ሰው፣ ጥፋቱን አምኖ ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ ወደ ጨዋታው ሊመለስ ይገባዋልን? እኩሌቶቹ «ይቅርታ ይደረግለት» ይላሉ፤ እኩሌቶቹ ግን «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ብለው ይከለክላሉ። ነገሩን በምሳሌ እንመርምረው።

ዴቪድ ሚላር የሚባል የብሪታንያ ሰው በቢስክሌት እሽቅድምድም የታወቀ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓመት፣ በካናዳ አገር በሐሚልተን ከተማ፣ እያንዳንዱ ጋላቢ ብቻውን ከሰዓት ጋራ በሚሽቀዳደምበት ውድድር የዓለም አንደኛ ሆነ። በ2004 ዓመት ግን የፈረንሳይ ፖሊሶች ቤቱን ሲፈትሹ ያገለገሉ መርፌዎች አገኙ፤ እርሱም ኤሪትሮፖይቲን የሚባለውን መድኃኒት እንደ ወሰደ አመነ። ይህ መድኃኒት የደምን ቀይ ሕዋስ ያበዛል፤ ደሙም ለጡንቻ ብዙ ኦክሲጅን ስለሚያደርስ ጋላቢው ቶሎ አይደክምም። ስለዚህ ሚላር ሁለት ዓመት ታገደ፤ አንደኛነቱም ተወስዶ ሁለተኛ ለወጣው ለአውስትራልያዊው ለሚካኤል ሮጀርስ ተሰጠ።

በ2006 ዓመት ከተመለሰ በኋላ ሚላር ስለ ጥፋቱ በግልጥ ተናገረ፤ መጽሐፍም ጻፈ፤ የዓለም ፀረ ዶፒንግ ድርጅት የስፖርተኞች ጉባኤ አባል ሆኖ አገለገለ። የብሪታንያ የኦሊምፒክ ማኅበር እንደ እርሱ ያለውን ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከኦሊምፒክ ይከለክል ነበር፤ በ2012 ዓመት ግን የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ይህን ክልከላ ስለ ሻረው ሚላር በሎንዶን ተሽቀዳደመ።

እውነት ነው፤ ሚላር ያመነው መርፌው ከተገኘ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጸጸቱ ምስክር ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ነው። አሜሪካዊው ላንስ አርምስትሮንግ ግን ብዙ ዘመን ካደ፤ እውነቱን የተናገሩትንም አሳደደ። በ2012 ዓመት ሰባቱን የቱር ደ ፍራንስ ድሎቹን ተነጥቆ ለዘለዓለም ታገደ፤ ያመነውም በ2013 ዓመት፣ ሁሉን ካጣ በኋላ ነው።

ይቅርታ ስናደርግ ግን የተበደለውን አንርሳ። ሮጀርስ ማዕርጉን አገኘ፤ በሐሚልተን በአንደኛው ስፍራ ቆሞ የሚከበርባት ሰዓት ግን አልተመለሰችለትም። እንግዲህ ያታለለ ሰው አስቀድሞ የወሰደውን ይመልስ፤ ቅጣቱን ይፈጽም፤ ከዚያም የማታለልን ስውር መንገድ ስለሚያውቅ ወጣቶችን ያስጠንቅቅ። ይህን ያደረገ ሰው ስፍራ ይሰጠው፤ ነገር ግን እንደ ሌላው ሁሉ፣ ከሌላውም ይልቅ፣ ይመርመር። መመርመሩን የሚጠላ ሰው ገና አልተመለሰምና።