ጥቀርሻን በእሳት ስለሚያጠራው የናፍጣ ሞተር ማጣሪያ

የሰው ልጅ ጕልበቱን የሚያሳርፍለትን መሣሪያ በፈጠረ ቍጥር ከጥቅሙ ጋራ ጉዳቱንም አብሮ መቀበሉ አይቀርም። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. በአውግስቡርግ ከተማ አስፈትኖ ያሳየው ሞተር ለዓለም ንግድ ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ነገር ግን ናፍጣው በሞተሩ ውስጥ ከአየር ጋራ እኩል ሳይዋሐድ ስለሚቃጠል ጥቀርሻ ይወልዳል። ይህም ጥቀርሻ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሣ ከትንፋሽ ጋራ እስከ ሳንባ ጥልቀት ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍልም በ2012 ዓ.ም. የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን ወስኗል።

ለዚህ ጉዳት መድኃኒት እንዲሆን የታሰበው በጭስ ማውጫው ላይ የሚገባው ማጣሪያ ነው፤ የፈረንሳይ ፋብሪካ ፔዦ በ2000 ዓ.ም. 607 በተባለው አውቶሞቢል ላይ አግብቶ ለገበያ አቀረበው። ማጣሪያው እንደ ሸክላ ከተተኰሰ ነገር የተሠራ ሲሆን መልኩ የማር እንጀራ ይመስላል። ቀዳዳዎቹ አንዱ በፊት፥ አንዱ በኋላ እየተደፈኑ ስለ ተሠሩ ጭሱ በግድግዳው ውስጥ ሰርጎ ማለፍ ግድ ይሆንበታል፤ ጥቀርሻውም ከዚያው ይቀራል።

የተጠራቀመው ጥቀርሻ ግን ካልተወገደ የጭሱን መንገድ ዘግቶ ሞተሩን ያንቀዋል። ጥቀርሻ በአየር ብቻ የሚቃጠለው ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው፤ በከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሄድ አውቶሞቢል ጭስ ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ሙቀት አለው። ስለዚህ መሐንዲሶች ሁለት መንገድ አበጁ። አንደኛው፥ ካሚዮኑ ጭነት ይዞ ረጅም መንገድ ሲጓዝ በፕላቲን የተቀባው ክፍል የሚያዘጋጀው ናይትሮጅን ዳዮክሳይድ የተባለ ጋዝ ከ250 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ሙቀት ጥቀርሻውን ጥቂት በጥቂት ይበላዋል። ሁለተኛው፥ በማጣሪያው ፊትና ኋላ ያለውን ግፊት የሚለካው መሣሪያ መዘጋቱን ሲያስታውቅ ሞተሩ ጥቂት ናፍጣ ጨምሮ ይረጫል፤ ይህም ናፍጣ ከማጣሪያው በፊት ባለው ክፍል ተቃጥሎ ሙቀቱን ወደ 600 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ ጥቀርሻውም ተቃጥሎ በአየር መልክ ይወጣል።

እሳት ግን በልኩ ሲሆን ያጠራል፤ ከልኩ ሲያልፍ ያጠፋል። ነጂው ሥራው ሳይፈጸም ሞተሩን ደጋግሞ ቢያጠፋ ጥቀርሻው ከመጠን በላይ ይከማቻል፤ በመጨረሻም በአንድ ጊዜ ሲቀጣጠል ሙቀቱ ከ1000 ዲግሪ አልፎ ማጣሪያውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ደግሞም ከሞተር ዘይት የሚመጣው አመድ በእሳት የማይጠፋ ስለሆነ ማጣሪያው በየጊዜው ተፈትቶ መጠረግ ያስፈልገዋል። በናፍጣው ውስጥ ድኝ የበዛ እንደ ሆነም የፕላቲኑ ኃይል ይደክማል፤ ስለዚህ የአውሮፓ ሕግ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ከሚሊዮን 10 እጅ በላይ ድኝ ያለው የአውቶሞቢል ናፍጣ እንዳይሸጥ ከልክሏል።

ከዚህ ድካም የሸሹ አንዳንድ ባለንብረቶች ማጣሪያውን ቈርጠው ጣሉት። ወጪው ከባለቤቱ ተነሥቶ መንገድ ዳር በሚተነፍሰው ሕፃንና ሽማግሌ ላይ ወደቀ። በእንግሊዝ አገር ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ማጣሪያው የተነቀለበት አውቶሞቢል የዓመቱን ምርመራ እንዳያልፍ ታዘዘ፤ የኔዘርላንድም መንግሥት ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ በጭሱ ውስጥ ያለው ቅንጣት በመሣሪያ እንዲቈጠር አደረገ።

እንግዲህ መሣሪያ ማስገባት ብቻውን ሥራውን እንደማይፈጽም ከዚህ ይታወቃል። ንጹሕ ናፍጣ የሚያቀርብ ነጋዴ፥ ጠባዩን የሚያውቅ ነጂ፥ ሳይታለልና ሳያዳላ የሚመረምር ሹም ካልተባበሩ በቀር ማጣሪያው ስም ብቻ ይሆናል፤ ጥቀርሻውም በሕዝቡ ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል።