ብረት በሆዱ የያዘ የድንጋይ ድልድይ

ከቱዚስ ተነሥቶ ወደ ሳንክት ሞሪትስ ሽቅብ የሚጓዘው ባቡር ፊሊዙር ጣቢያ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በሸለቆው ላይ በተሠራ ድልድይ ይጠመዘዛል። መስኮት ዳር የተቀመጠ ሰው የራሱን ባቡር ፊት ያያል። ሎኮሞቲቩ ቀጥ ካለ ገደል ጋር ሊላተም የደረሰ ይመስላል፤ ግን ገደሉ ውስጥ የተፈለፈለ የ216 ሜትር ዋሻ ይውጠዋል። ድልድዩ ያለቀው እዚያው ዋሻው አፍ ላይ ነው።

ይህ በምሥራቅ ስዊዘርላንድ የላንድቫሰርን ወንዝ የሚሻገረው ድልድይ ነው። ከፍታው 65 ሜትር፣ ርዝመቱ 136 ሜትር ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 20 ሜትር የሚሰፉ ስድስት ቅስቶች አሉት። በ100 ሜትር ራዲየስ እየዞረ፣ በየሺህ ሜትሩ 20 ሜትር ከፍ ይላል። እንዲህ ያለ ጠባብ ጥምዝ የተቻለው የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ስለሆነ ነው። ከጅቡቲ የመጣው የእኛው ሐዲድም ስፋቱ ይኸው ነበር፤ የሥራውን ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1894 ከአፄ ምኒልክ የተቀበለው አልፍሬድ ኢልግ ደግሞ ስዊዘርላንዳዊ ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ በገባበት በ1902፣ የላንድቫሰርም ግንብ ተጠናቀቀ።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አሠራሩ ነው። እንዲህ ላለ ከፍታ ከወንዙ ዳር ጀምሮ የእንጨት ርብራብ መደርደር የዘመኑ ልማድ ነበር። ላንድቫሰር ግን በረዶ ሲቀልጥ የሚሞላ ኃይለኛ ወንዝ ነው፤ ያን ሁሉ እንጨት በአንድ ሌሊት ጠራርጎ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ በሦስቱ ረጃጅም ምሰሶዎች እምብርት የብረት ማማ አቆሙ፤ ድንጋዩን የሚያነሣው ክሬንም በእነዚሁ ማማዎች ተደግፎ ሠራ። ግንበኞቹ ጠቆር ያለውን የኖራ ድንጋይ በብረቱ ዙሪያ እየደረደሩ ወጡ። ሥራው ሲያልቅ ብረቱን ማንም አላወጣውም። ከታች ሆኖ ቀና ብሎ ለሚያይ ምሰሶው ድንጋይ ብቻ ነው፤ ማማው ግን ዛሬም በሆዱ አለ።

ድልድዩ ያለበት መስመር እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በጥቅምት 2022 ደግሞ የስዊዘርላንድ የባቡር 175ኛ ዓመት ሲከበር፣ 100 ፉርጎዎች የተቀጠሉበት፣ 1,910 ሜትር የሚረዝም የመንገደኛ ባቡር ቁልቁል እየወረደ ተሻገረው። ግንባሩ ድልድዩን ጨርሶ ወደ ሌላኛው ተራራ ሲታጠፍ፣ ጅራቱ ገና ከዋሻው ወዲያ ማዶ ነበር።